የቤቲንግ ብር ለታዳጊ ኳስ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ታዳጊ እግር ኳስ የወጣ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ለእኔም ብዙ ሰው «አየኸው ወይ?» እያለ ልኮልኛል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ የታዳጊ ፕሮጀክቶች (ልጆች ኳስ የሚሰለጥኑባቸው የሰፈር ቡድኖች) እና አካዳሚዎች ባዶ ኪስ ናቸው። ቤቲንግ ቤቶች ግን ብር በብር ሆነዋል። ስለዚህ መንግሥት ከእያንዳንዱ ውርርድ ላይ 2 በመቶ ቆርጦ ፈንድ ያቋቁም። ፕሮጀክቶች ማመልከቻ እያስገቡ ከፈንዱ ድጋፍ ያግኙ።

ጸሐፊው ለዚህ ስድስት መከራከሪያ አቅርበዋል። እኔም አንድ በአንድ ልሂድባቸው። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ ነው። ልጄ የሚጫወትበት የሰፈር ፕሮጀክት የወላጆች ኮሚቴ አባል ነኝ። አሰልጣኝ አይደለሁም። ኳስም አልችልም፤ ልጄ ይህን ለጓደኞቹ በግልጽ ነግሯቸዋል። የእኔ ድርሻ ብር መለመን ነው። ኳስ የሚገዛ፣ የኮቹን የታክሲ የሚችል፣ ውድድር ሲኖር መኪና የሚያቀርብ ሰው ፍለጋ እዞራለሁ። ስለዚህ ጸሐፊው ብር የለም ሲሉ አልከራከራቸውም። የለም። የምከራከረው ከየት ይምጣ በሚለው ላይ ነው።

ገንዘቡ መውጣቱ ካልቀረ ለልጆች ይዋል

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ይህ ነው። ሰዉ መወራረዱን አይተውም። ብሩም ከኪሱ መውጣቱ አይቀርም። እንግዲያው ጥቂቱ እንኳ ወደ ልጆች ይመለስ። ሲሰሙት ያሳምናል። ሒሳቡን ሲሠሩት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ ጨዋታ እንውሰድ። «ሁለቱም ቡድን ጎል ያገባል» ወይም «አያገባም» የሚለው ውርርድ ይሁን፤ ዕድሉም እኩል በእኩል ነው እንበል። ትርፍ የማይፈልግ ሰው ቢያወራርድ ለሁለቱም 2.00 ኦድ (የተያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር) ይሰጥ ነበር። ቤቲንግ ቤቱ 1.90 ቢሰጥስ? 100 ብር ያስያዘ ሰው ግማሹን ጊዜ 190 ብር ይወስዳል፣ ግማሹን ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል። በአማካይ የሚመለስለት 95 ብር ነው። አምስቷ ብር የቤቱ ናት። ትንሽ ትመስላለች።

እኛ ሰፈር ግን አንድ ጨዋታ ብቻ የሚቆርጥ ሰው ብዙም የለም። የሚወደደው ረጅም ትኬት ነው። አሥር ጨዋታ ይደረደራል። እያንዳንዱ 1.90 ኦድ ቢኖረው በ20 ብር ከ12 ሺህ ብር በላይ ይታለማል። ያቺ 5 በመቶ ግን በየጨዋታው ትደራረባለች። 0.95ን አሥር ጊዜ ብታባዙት 0.60 አካባቢ ይመጣል። ከ100 ብር ውስጥ በአማካይ የሚመለሰው 60 ብር ነው ማለት ነው። 40ው ሄዷል። ያም 60 ብር ቢሆን ለሁሉም አይዳረስም። አሥሩንም የመምታት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። አንዱ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ሌላው «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሁን የጸሐፊውን 2 በመቶ እናስገባ። ሰፈሩ ካስያዘው 100 ብር 40 ብር ይበላል። ሁለት ብር ፈንዱ ውስጥ ይገባል። ያቺ ሁለት ብር ለመላው አገር ፕሮጀክት ትከፋፈላለች። የፈንዱ ጽሕፈት ቤት ኪራይ አለ፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ አበል አለ። ወደ እኛ ሳይት የምትደርሰው ሳንቲም ናት። ጸሐፊው ዓይናቸውን የጣሉት ሁለቷ ብር ላይ ነው። እኔ ደግሞ 38ቱ የማን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

የታክሲ ረዳት ብር ነው። የቀን ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የጥበቃ ሠራተኛ ብር ነው። ከእነዚህ ውስጥ የፕሮጀክታችን ልጆች አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች አሉ። ኮሚቴያችን በየወሩ ከወላጅ የሚሰበስባት ትንሽ መዋጮ አለች። የማይከፍል አለ። ሥራ የጠፋበት ከሆነ ማንም አይጠይቀውም፤ ልጁም እንደማንኛውም ልጅ ይሰለጥናል። ነገር ግን መዋጮ የለኝም ብሎኝ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ትኬት ይዞ የማገኘው አባትም አለ። ሰላም እንባባላለን። እሱ ትኬቱን ወደ ኪሱ ይከታል፣ እኔም እንዳላየ አልፋለሁ። የፈንዱ ሐሳብ ከእኔ የሚፈልገው ምንድን ነው? ይህ አባት በእጁ ያልሰጠኝን ብር ተበልቶ እንዲሰጠኝ እንድጠብቅ። ያውም ከአርባው ሁለቱን።

ደግሞ «መወራረዱን አይተውም» የሚለው ራሱ ልክ አይደለም። የሚተው አለ። የሚቀንስ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማው አስተዳደር በርካታ ቤቲንግ ቤቶችን ሲያሽግ የተወ ሰው አውቃለሁ። በስልኩ የቀጠለም አለ፣ አልክድም። የታዳጊ ኳስ ሕልውና በውርርዱ ላይ ከተንጠለጠለ ግን «አሽጉት» የሚል ወላጅ ሲነሳ ተቃዋሚው ማን ይሆናል? ኮቹ። እኔም።

ሌሎች አገሮች ያደርጉታል

ጸሐፊው ኖርዌይን፣ እንግሊዝንና ኒውዚላንድን ጠርተዋል። ሦስቱም ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ችግሩ ከየምሳሌው የሚመቻቸውን ብቻ መዝዘዋል።

ኖርዌይ ውስጥ የስፖርት ውርርዱን የያዘው ኖርስክ ቲፒንግ የሚባል የመንግሥት ድርጅት ነው። ትርፉን ኪሱ የሚከት ባለሀብት የለውም። ከትርፉ 64 በመቶው ለስፖርት ይውላል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ነግረውናል። ያልነገሩን ቀሪው ነው። እዚያ የሚወራረድ ሰው በስሙ የተመዘገበ ነው። በወር ሊያጣ የሚችለው የገንዘብ ጣሪያ አለ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ሥርዓቱ ራሱ ያስቆመዋል። ጸሐፊው ክፍፍሉን አምጥተው ልጓሙን ኦስሎ ትተውታል።

ሌላም አለ። ያ ገንዘብ በብዛት የሚሄደው ለሜዳና ለስፖርት ማዘውተሪያ ግንባታ ነው። ለተለመዱት ግንባታዎች የሚሰጠውም ከወጪው እስከ ሲሶ ያህሉን ነው። ቀሪውን ማዘጋጃ ቤቱና ክለቡ ያሟላሉ። ማለትም ብሩ ከመምጣቱ በፊት ሜዳ የሚሆን ቦታ አለ፣ ለቦታውም ኃላፊነት የወሰደ አስተዳደር አለ። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ እንግሊዝ እንሂድ። ብሔራዊ ሎተሪያቸው በኅዳር 1994 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ ላይ ያገኙት አንድ ወርቅ ብቻ ነበር። የሎተሪው ገንዘብ ለአትሌቶች መፍሰስ ከጀመረ በኋላ በ2000 ሲድኒ ላይ 11፣ በ2012 ለንደን ላይ 29 ወርቅ ሰበሰቡ። እውነት ነው፣ ያስቀናልም። ግን ይህ ሎተሪ ነው፤ ገንዘቡም የኦሊምፒክ ስፖርቶችን ነው ያነሳው። የእንግሊዝ እግር ኳስ አካዳሚዎች በሎተሪ አልተሠሩም። የሚያስተዳድሯቸው ክለቦቹ ናቸው፤ ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሥርዓት በአራት ደረጃ ተከፍለው ይመዘናሉ። ለሰፈር ሜዳዎች ገንዘብ የሚሰጠው ተቋም ደግሞ በ2000 የተቋቋመው ፉትቦል ፋውንዴሽን ነው። ዋና ገንዘቡን የሚያገኘው ከፕሪሚየር ሊጉ፣ ከፌዴሬሽኑና ከመንግሥት ነው። ቤቲንግን በተመለከተ እንግሊዞች እየሄዱ ያሉት ወደ ኋላ ነው። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የቁማር ድርጅቶችን ስም ከመለያቸው ደረት ላይ ለማንሳት በሚያዝያ 2023 ተስማምተዋል። ጣሊያንና ስፔን ከዚያ በፊት በሕግ ከልክለዋል። እነሱ እያወለቁ ያሉትን እኛ ልንለብስ ነው።

ኒውዚላንድ ለጸሐፊው ሐሳብ የምትቀርበው አገር ናት። እዚያ መጠጥ ቤቶች ውስጥ የቁማር ማሽኖች አሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሱት ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ናቸው። ተጫዋቾች ከተሸነፉት ገንዘብ ቢያንስ 40 በመቶው ለማኅበረሰብ ሥራ መሰጠት አለበት። የታዳጊ ክለቦች ማመልከቻ እየጻፉ ለመለያ፣ ለኳስ፣ ለሥልጠና ያገኛሉ። ልዩነቱን እዩት። እዚያ ከኪሳራው 40 በመቶ ነው። በጸሐፊው ሐሳብ፣ ቅድም በሠራነው የረጅም ትኬት ሒሳብ፣ ከ40 ብር ኪሳራ 2 ብር ነው። 5 በመቶ ማለት ነው።

40 በመቶ እየተመለሰ እንኳ ክርክሩ እዚያ አልበረደም። ምክንያቱም ማሽኖቹ የሚበዙት በድሆች ሰፈር ነው። አንዳንድ ከተሞች «አንድ ቦታ ሲዘጋ በምትኩ አዲስ አይከፈትም» የሚል መመሪያ ሲያወጡ ደግሞ የስፖርት ማኅበራት ይጨነቃሉ። ማሽን ሲቀንስ ድጋፍ ይቀንሳላ! በ2020 በኮሮና ምክንያት መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ የድጋፉ ምንጭ ነጠፈ፤ ስፖርቱም ደነገጠ። የታዳጊ ክለብ ኮሚቴ መጠጥ ቤት ቶሎ እንዲከፈት ሲጸልይ አስቡት። ኒውዚላንድን የማነሳው ለመስደብ አይደለም። ሥርዓቷ ከእኛ የተሻለ ጥብቅ ነው። በጥብቅ ሥርዓት ውስጥ እንኳ ኳሱ የቁማሩ ጥገኛ ከሆነ እኛ ዘንድ ምን ሊሆን ነው?

ጸሐፊው ጎረቤት ኬንያን ለምን እንደዘለሏት አልገባኝም። የአገሪቱን ሊግ፣ ጎር ማሂያና ኤ ኤፍ ሲ ሌፓርድስ የተባሉትን ክለቦችም ይደግፍ የነበረው ስፖርትፔሳ የተባለ የውርርድ ድርጅት ነው። ጎር ማሂያ በ2017 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ ኤቨርተን ጋር ዳሬሰላም ላይ የተጫወተው በእሱ አማካይነት ነበር። ዋይኒ ሩኒ ጎል ያገባበት ጨዋታ ነው። በጥር 2018 መንግሥት በውርርድ ድርጅቶች ላይ ግብሩን 35 በመቶ አደረሰ። ድርጅቱ ወዲያው የአገር ውስጥ ድጋፉን አቋረጠ። ኋላ ግብሩ ተቀነሰ፣ ድርጅቱም ተመለሰ። በ2019 ደግሞ ከመንግሥት ጋር በፈቃድና በግብር ተጣላ፤ እንደገና ጥሎ ሄደ። ክለቦቹ ደመወዝ መክፈል አቃታቸው። ድጋፉ መንግሥትን ማስፈራሪያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ግብር ከጨመርክ ኳሱን እጥለዋለሁ!

የእኛም ሊግ በ2013 ዓ.ም. ቤትኪንግ የተባለ የውርርድ ድርጅትን ስም ተሸክሞ ነበር። ኮሜንታተሮቹ ስሙን ሳይጠሩ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም ነበር። ዛሬ ስሙ ሊጉ ላይ የለም። ሊጉ ትልቅ ነው፣ ሌላ ስፖንሰር ይፈልጋል። የሰፈር ፕሮጀክት ግን አንድ ዓመት ድጋፍ ተቀብሎ በሁለተኛው ከተቋረጠበት ይበተናል። ልጆች እረፍት ወጥተው አይጠብቁም።

ሌላ ምንጭ የለም

እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር በጣም የምንለያየው። እሳቸው የጎደለን ብር ነው ብለው ያስባሉ። ብሩ ጎድሏል። ከብሩ በፊት የጎደለን ግን ሜዳ ነው። ኖርዌይ ላይ ያዙልኝ ያልኩት ይህን ነው።

ልጆቻችን የሚሰለጥኑት ከብሎኮቹ ጀርባ ባለች ክፍት ቦታ ላይ ነው። በበጋ አቧራ ናት። ክረምት ሲገባ የአካባቢው ኮትቻ ከታኬታው ጋር ተጣብቆ ጫማ ያወልቃል። ይህ ራሱ አያስጨንቀንም፣ ልጅ በጭቃም ይጫወታል። የሚያስጨንቀን ቆርቆሮ ነው። አንድ ጠዋት ስንነሳ አጥር ታጥሮ ብናገኘውስ? ቦታው የማን እንደሆነ በወረቀት የሚነግረን የለም። ወረዳ ስንሄድ ክፍለ ከተማ ጠይቁ ይሉናል፤ ክፍለ ከተማ ወረዳ ጠይቁ ይለናል። አንዱ ጥግ ላይ የግንባታ አሸዋ ተራግፏል። ሌላው ጥግ መኪና ማቆሚያ እየሆነ ነው። ቦሌ አራብሳም፣ የካ አባዶም፣ ኮዬ ፈጬም ያሉ ወዳጆቼ የሚነግሩኝ ያንኑ ነው። ለነገሩ ሜዳ የቸገረው እኛን ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ቡድናችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ አጥቶ ባለሜዳ የሆነበትን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ አይተናል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበት ያ ደስ የሚል ጨዋታ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው።

ፈንዱ ተቋቋመ እንበል። ማመልከቻው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሆናል? የማሰልጠኛ ሜዳችሁን ማረጋገጫ አያይዙ። እኛ ምን እናያይዛለን? አሸዋውን? ማረጋገጫ ያለው በሰዓት የሚከራይ የሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ የያዘ፣ ከወላጅ ዳጎስ ያለ ወርሃዊ ክፍያ የሚቀበል አካዳሚ ነው። ብሩ ወደዚያ ይሄዳል። የዳርቻ ልጆች ስም ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፋል፣ ሜዳው ሌላ ጋ ይሆናል።

ሁለተኛው የጎደለን የአሰልጣኝ ደመወዝ ነው። ድጋፍ ሰጪ የሚባል ሁሉ መለያ መስጠት ይወዳል። መለያ ፎቶ ያምራል። ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ኳስ በመረብ ተሞልቶ ይሰጣል። የኮቹን የጥቅምት ደመወዝ የሚከፍል ግን አይገኝም። የኮች ደመወዝ ፎቶ አይወጣውም። የእኛ ኮች በሥራ ቀን ሌላ ሥራ ይሠራል። የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል፣ እንዳይሄድ መለመንም ነውር ነው። ልጆቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ አሰልጣኝ ካዩ ምን ይማራሉ? በየዓመቱ ማመልከቻ እየተጻፈ የሚገኝ ገንዘብ ይህን አይፈታም።

እና ብሩ ከየት ይምጣ? መንግሥት ከውርርድ ድርጅቶችም ከአሸናፊዎችም ግብር ይሰበስባል። ይጨምርባቸው፣ አልቃወምም። ገንዘቡ ግምጃ ቤት ይግባ። ከዚያ ለታዳጊ ስፖርት በበጀት ይመደብ። «ያው አንድ ብር አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። በበጀት ከሆነ የኮቹ ደመወዝ ዘንድሮ ስንት ሰው ተበላ በሚለው አይወሰንም። ነገ መንግሥት ውርርዱን ልዝጋ ቢል የታዳጊ ኳስ መንገድ ላይ አይተኛም። ከምክር ቤት ጋር መከራከር ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም የምንከራከረው ከመረጥነው ሰው ጋር ነው።

ሌሎች ምንጮችም አሉ፤ ጸሐፊው አላነሷቸውም። ፊፋ ከ2023 እስከ 2026 እ.ኤ.አ. ባለው ዙር ለእያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር የልማት ገንዘብ መድቧል። ከዚህ ውስጥ ለዳርቻ ታዳጊዎች ምን ደረሰ ብሎ መጠየቅ የማንም መብት ነው።

ደግሞ የዝውውር ሕግ አለ። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሄድ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ዓመት የሚደርሰው ሩብ በመቶ ነው። አንድ ፕሮጀክት ልጅን እነዚህን አራት ዓመታት ካሰለጠነ 1 በመቶ ያገኛል። ልጁ በ200 ሺህ ዶላር ቢሸጥ 2,000 ዶላር። ለእኛ የብዙ ወር የኮች ደመወዝ ነው። እንደ አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሚሻገር ልጅ በየዓመቱ አይወለድም፤ ይህንን ይዤ ነገ ኳስ እገዛለሁ አልልም። ግን ፕሮጀክቱ በፌዴሬሽን ካልተመዘገበ፣ የልጁም ታሪክ በወረቀት ካልተያዘ፣ ቢመጣ እንኳ የሚደርሰው ዜሮ ነው። ምዝገባ ብር አይፈልግም፣ ፈቃደኛ ቢሮ ነው የሚፈልገው።

ከዚህ በታችም እንውረድ። በየኮንዶሚኒየሙ ኮሙናል ቤት አለ። አንዳንድ ማኅበራት ያከራዩታል። የዚያ ኪራይ ጥቂቱ ለሳይቱ ልጆች አሰልጣኝ ቢውል ማን ይቃወማል? እኛ ሳይት ሐሳቡን አቅርበናል፣ ገና እየተነታረክንበት ነው። ጥገና ይቅደም የሚሉ አሉ። ጣሪያቸው የሚያፈስ ሰዎች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም።

ልጆቹ ማስታወቂያ አያዩም

ጸሐፊው በመለያ ላይ የድርጅት ስም እንዳይጻፍ በመመሪያ እንከልክል ይላሉ። ጥሩ ነው። ግን ነገሩ መለያው ላይ ካለው ጽሑፍ አልፏል። ከእኛ ልጆች መካከል ጢሙ ሳያበቅል የአርሰናልን ኦድ የሚነግራችሁ አለ። ከየት ሰማህ ሲባል «ወንድሜ ቆርጧል» ይላል። ይህን ልጅ «ቤቲንግ ጥሩ አይደለም» የሚለው ሰው ኮቹ ነው። ኮቹ ደመወዙን ከቤቲንግ ፈንድ የሚቀበል ከሆነ ምን አፍ ይኖረዋል? ልጆች ሞኝ አይደሉም። ብሩ ከየት እንደመጣ ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ቤቲንግ ቤት ለልጆቹ ሙሉ መለያ ልስጥ ብሎን ነበር። ኮሚቴው እስኪመሽ ተጨቃጨቀ። ልጆቹ የለበሱት መለያ ቁጥሩ ለቆ የማን ቁጥር እንደሆነ አይለይም ነበር። ኮቹ እንቀበል አለ፤ ለእሱ ነገሩ ቀላል ነበር፣ ልጆቹ ከሌላ ሰፈር ጋር ሲገጥሙ ያፍራሉ። አንዲት እናት ተነሥታ ባሏ እዚያው ቤት የቤት ኪራይ እንዳስበላ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ብዙ ንግግር አልነበረም። ኮቹ ለተወሰነ ጊዜ አኮረፈን። መለያውን ኋላ ላይ በመዋጮ ገዛነው፤ ጥራቱም ያን ያህል ነው።

ገለልተኛ ቦርድ ያከፋፍለዋል

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ደቡብ አፍሪካ የሎተሪ ገንዘብ ለማኅበረሰብ የሚያከፋፍል ኮሚሽን አላት። ሕግ ነበረው፣ ቦርድም ነበረው። ለአረጋውያን መጦሪያና ለስፖርት ማዘውተሪያ ተብሎ የወጣ ብዙ ገንዘብ ግንባታው ሳያልቅ የውሃ ሽታ ሆነ። ጋዜጠኞች አጋለጡት፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልዩ የምርመራ ተቋም ሲመረምረው ቆይቷል። የእኛ ቦርድ ከእነሱ ይሻላል የሚል ካለ መከራከሪያውን ያምጣ። ጸሐፊው አላመጡም፤ «ገለልተኛ» የሚለውን ቃል ብቻ ጽፈው አልፈዋል።

ተቃዋሚዎች ግብዞች ናቸው

የመጨረሻው ይህ ነው። ሎተሪ እየቆረጥን፣ ለሕዳሴው ግድብ በ8100 ኤ መልእክት እየላክን፣ ቶምቦላ እየገዛን ቤቲንግ ላይ ስንደርስ ጻድቅ እንሆናለን ይላሉ። እውነት አላቸው፣ እኔም 8100 ልኬያለሁ። ብሔራዊ ሎተሪም ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ከእኛ ጋር አለ። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ የምትቆርጥ እናት ግን ዕጣው እስኪወጣ ትጠብቃለች። የተበላችውን ለማስመለስ በዚያው ሌሊት ሌላ፣ ከዚያም ሌላ አትቆርጥም። ስልኳ ላይ በየደቂቃው የሚወጣ ጨዋታ የለም። የሁለቱን ልዩነት ለማየት ጻድቅ መሆን አያስፈልግም፣ በየወሩ መዋጮ መሰብሰብ ይበቃል።

ጸሐፊው ልጆቹን እንደሚወዱ ጽሑፋቸው ያስታውቃል። ለዚህም ነው ምላሽ የጻፍኩት። ኮሚቴያችን ሰሞኑን ለወረዳው የሚያስገባው ደብዳቤ አለው። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የሳይቱ ሜዳ ለስፖርት ማዘውተሪያነት በካርታ እንዲያዝ፣ ፕሮጀክቱም በይፋ እንዲመዘገብ። ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቹ ልምምድ በኋላ እዚያው ሜዳው ላይ ፊርማ እናሰባስባለን። ጸሐፊው ብዕራቸው ስለታም ነው፤ የእኛ ደብዳቤ ደግሞ ትንሽ ይንዛዛል። መጥተው ቢያስተካክሉልን ደስ ይለናል፣ ቢፈርሙልንም እንዲሁ። ከክፍያ መንገዱ መግቢያ አካባቢ ወርደው ማንኛውንም ባለባጃጅ ይጠይቁ፤ ሜዳውን ያውቁታል።